መኪናዎ ሲያናግርዎ፦ በዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩት መብራቶች ምን እያሉ ነው?

ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ቁልፉን ያዙሩ፣ ግን ሞተሩን አያስነሱ። መኪናዎ በቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ የሚነሳ ከሆነ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ፍሬኑን ሳይረግጡ መጫን ነው። ዳሽቦርዱ በአንድ ጊዜ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል። አሁን ሞተሩን ያስነሱት። መብራቶቹ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተራ በተራ መጥፋት አለባቸው። መኪናው ራሱን የፈተሸበት መንገድ ይህ ነው። አልጠፋም ብሎ የቀረ መብራት ካለ አንድ ነገር ሊነግርዎ ይፈልጋል። ገና ሲጀመር ያልበራ ካለ ደግሞ እሱ የባሰ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በከተማችን በጋቢና የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማት አንዲት አባባል አለች። "ይሄ መብራት ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሹፌሩ "እሱ ቆይቷል፣ ምንም አይልም" ይላል። የራይድ ሹፌርም ይላል፣ ባልም ይላል፣ አጎትም ይላል። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሃና ማርያም ሳር ቤት ጠዋት ጠዋት በሚንፏቀቀው ሰልፍ ውስጥ መብራት በርቶበት "ምንም የማይለው" መኪና ስንት እንደሆነ የሚቆጥር የለም። አንዳንዱ እውነትም ምንም አይልም። አንዳንዱ ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞተር ይገድላል። ችግሩ ሁለቱን የሚለይ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከመቼውም በላይ የኪስ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ በግቢዎ የቆመችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ የምትተካበት መንገድ ጠቧል። ሞተሯ ቢበላሽ ሶማሌ ተራ ወርዶ "ያገለገለ ሞተር" መፈለግ ነው፤ የሚገዙት ሞተር በምን ያህል መብራት ሲበራበት እንደኖረ ደግሞ ማንም አይነግርዎትም።

መጀመሪያ ቀለሙን ይዩ

የመብራቶቹ ቀለም እንደ ትራፊክ መብራት ነው ብለው ያስቡ። አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ነገር ሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ይናገራሉ፤ ፍሬቻ፣ የፊት መብራት፣ ረጅም መብራት። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ "አስመርምረኝ" ነው፤ ዛሬ ቤት ያደርስዎታል፣ ግን ሳምንቱ ሳያልቅ መካኒክ ሊያየው ይገባል። ቀይ ግን "አሁን" ነው። ቀይ መብራት እየነዱ ሳለ ከበራ ጥያቄው "ጋራዥ እደርሳለሁ ወይ?" ሳይሆን "የት ጥግ ልያዝ?" ነው። ምልክቶቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙባቸው ስለሆኑ በጃፓንም፣ በጀርመንም፣ በቻይናም መኪና ላይ ቅርጻቸው በአብዛኛው አንድ ነው። ስለዚህ የመኪናዎ መመሪያ በጃፓንኛ ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ።

ከቀዮቹ መካከል ቤተሰቡ በሙሉ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ጭምር፣ በቃሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ አራት ናቸው።

ጀበናዋ

የመጀመሪያው ከአፉ ጠብታ የሚንጠባጠብበት የዘይት ጣሳ ነው። ብዙ ሰው "ጀበና" ይለዋል፤ እውነትም ይመስላል። ይህ መብራት በብዛት በስህተት የሚተረጎም ነው። "ዘይት ጎድሏል፣ ሲመች እጨምራለሁ" ተብሎ ይታለፋል። ቀይዋ ጀበና የምትናገረው ግን ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው። የሞተሩ ብረቶች በቀጥታ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ፓምፑ በግፊት የሚልከው ስስ የዘይት ንጣፍ አለ። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ነው፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲደርስ። በዚያ ሰዓት ብረት ብረትን መፋቅ ጀምሯል ማለት ነው።

ስለዚህ ጀበናዋ ቀይ ሆና ከበራች ጥግ ይያዙ፣ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። "እስከ ጎተራ ብቻ" የሚባል ነገር የለም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይጠብቁና ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያ ዘንጉን ያውጡ። በጨርቅ ይጥረጉት፣ መልሰው ይክተቱት፣ እንደገና ያውጡት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ትክክለኛውን ዘይት ጨምረው ያስነሱ፤ መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ቀስ ብለው መካኒክ ጋ ይሂዱ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ ግን መኪናው በራሱ ጎማ የትም አይሄድም፤ ይጎተታል። የመጎተቻው ዋጋ ያሳዝናል፤ የሞተር ዋጋ ግን ያስለቅሳል።

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ብርቱካናማ ጀበናም አላቸው። እሷ ስለ መጠን ነው የምታወራው፤ ጨምሩልኝ ማለቷ ነው።

ቴርሞሜትሩና የአዲስ አበባ ከፍታ

ሁለተኛው በማዕበል ውስጥ የቆመ ቴርሞሜትር ነው፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። የቪትዝ ባለቤቶች ይህን ክፍል ልብ ብለው ያንብቡ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ የቪትዝና የያሪስ ሞዴሎች የሙቀት መለኪያ ቀስት የላቸውም። ያላቸው ሁለት መብራት ብቻ ነው፦ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የሚበራ ሰማያዊና ሲቃጠል የሚበራ ቀይ። በመካከል "እየጋልኩ ነው" የሚል ማስጠንቀቂያ የለም። ቀዩ ሲበራ ነገሩ ደርሷል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጉዳይ ከሌላ ከተማ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ባሕር ጠለል ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው ከተማችን ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሽሮ ወይም ባቄላ እዚህ ከአዋሽ ይልቅ ለመብሰል ጊዜ የሚወስድበት ምክንያትም ይኸው ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በተለመደው ሥራው ላይ እያለ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ታዲያ ራዲያተሩ ሁልጊዜ የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ እንደ ግፊት ድስት ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው፣ ኩላንቱም የመፍያ ነጥቡን ከፍ ስለሚያደርገው ነው።

አሁን የእኛን ልማድ ያስቡ። ኩላንት ውድ ነው ተብሎ ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ይሞላል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ማንም አይቀይረውም፤ ክዳን ክዳን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውሃ ነው፣ ክፍት ድስት ላይ እንዳለ ውሃም በ92 ዲግሪ ይፈላል። ከአዳማ ሲመለሱ በፍጥነት መንገዱ ላይ ያለው ረጅም ዳገት፣ ወይም ከጀሞ ተነስተው በወልቂጤ በኩል የጊቤን ሸለቆ ወርደው ሲወጡ፣ ወይም ያለ ዳገቱ መካኒሳ ላይ በቀትር የተቆለፈ መንገድ ላይ ኤሲ ከፍተው ሲቆሙ፣ ያ ጥቂት ዲግሪ ሁሉን ይወስናል። በተጨማሪ ተራ ውሃ ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ከሁሉም የመኪና ወጪዎች ውስጥ ኩላንትና አዲስ የራዲያተር ክዳን ለዋጋቸው ይህን ያህል የሚያድኑ ሆነው ሳለ ለምን እንደምንሰስት አይገባኝም።

ቀዩ ቴርሞሜትር ሲበራ ኤሲውን ያጥፉ። ወዲያው መቆሚያ ከሌለ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ ውስጡ ምድጃ ይሆናል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስለታል። መስኮቶቹን ከፍተው ልጆቹን "ትንሽ ታገሡ" ይበሉ። ከዚያ ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ አይክፈቱ። በግፊት የታፈነ የፈላ ውሃ ክዳኑ ሲላላ ፊት ላይ ነው የሚወጣው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥልና ሲጨመቅ ለስላሳ ሲሆን ብቻ በወፍራም ጨርቅ ቀስ ብለው ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ይሰነጥቃል። መንገደኛ ጀሪካን ይዞ "እኔ ልርዳችሁ" ብሎ ቢሮጥ አመስግነው ያስቁሙት።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ውሃው ሙሉ በሙሉ አፍስሶ ካለቀ ሙቀት የሚለካው መሣሪያ በአየር ላይ ስለሚንጠለጠል መብራቱ ላይበራ ይችላል። ማሞቂያው ሞቃት አየር መስጠት ሲገባው ቀዝቃዛ ቢነፍስ፣ ወይም ጣፋጭ የሚመስል የኩላንት ሽታ ቢመጣ፣ መብራት አይጠብቁ።

ፍሬን

በክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት ቀይ መብራት ሁለት ሥራ ይዟል። አንደኛው የእጅ ፍሬን መያዙን መናገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መልቀቁን ያረጋግጡ፤ ግማሽ ተይዞ ጎማ እያቃጠለ የሚሄድ መኪና ብርቅ አይደለም። ሙሉ ለቀውትም ካልጠፋ የፍሬን ዘይት ቀንሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከመካኒክ ጋር የምትጨቃጨቁበት ጉዳይ አለ። የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከቀነሰ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የፍሬን ሸራው ስላለቀ ዘይቱ ያንን ክፍተት ለመሙላት ወርዷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ስለዚህ "ትንሽ ዘይት ጨምሬበታለሁ፣ ጠፍቷል" የሚል መካኒክ ችግሩን ሳይሆን መብራቱን ነው የጠገነው። ሸራው ይታይ፣ ከጎማዎቹ ጀርባ ርጥበት ይፈለግ። ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ታች የሚሰምጥ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነማ መኪናው ካለበት አይነቃነቅ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር ይመከራል። ርጥበት የያዘ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወርዱ ፍሬን የሚግልበትን ደረጃ የሚነግርዎ መብራት በአብዛኛው መኪና ላይ የለም። የሚነግርዎ ሽታው ነው። ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ እንዲይዝዎ ያድርጉ። "ነዳጅ ልቆጥብ" ብሎ ፎሌ አድርጎ መውረድ ቤተሰብ ጭኖ የሚደረግ ቁማር ነው፤ ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ስለሚዘጋ የሚቆጠብም ነገር የለም።

ባትሪው

አራተኛው የባትሪ ምስል ነው። ስሙ ባትሪ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ በሽተኛው ባትሪው አይደለም፤ ዲናሞው ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው። መብራቱ "ባትሪውን የሚሞላው የለም" እያለ ነው። መኪናው ከዚህ በኋላ የሚሄደው ባትሪው ውስጥ በቀረው ነው፤ ምናልባት ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባት ከዚያም ያነሰ። ኤሲ፣ ሬዲዮ፣ የስልክ ቻርጀር ያጥፉና ወደ ቅርብ ጋራዥ ይሂዱ። ሳሪስና መካኒሳ አካባቢ ከሆኑ ሩቅ አይሆንም። ብቻ በመንገድ ላይ ሞተሩን አያጥፉ፤ ላይነሳ ይችላል። ከባትሪው ጋር የሙቀት መብራትም አብሮ ከበራ ወይም መሪው ድንገት ከከበደ ግን ቺንጋው ተበጥሷል፤ በብዙ መኪኖች ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር ወዲያው ይቁሙ።

ዲናሞው ደህና መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ይለካዋል፤ "ባትሪ ይቀየር" ከመባልዎ በፊት ያስለኩ።

ቼክ ኢንጅን፦ ሁሉም የሚፈራው፣ ማንም የማይታዘዘው

ሄሊኮፕተር የሚመስለው ብርቱካናማ የሞተር ምስል በከተማችን በብዛት በርቶ የሚኖር መብራት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ጭሳቸውን የሚቆጣጠርና ብልሽት ሲያይ በኮድ መዝግቦ ይህን መብራት የሚያበራ አንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደደች፤ አውሮፓም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተለች። ስለዚህ መብራቱ ራሱ መልስ አይደለም፤ መልሱ መዝገቡ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ካልተጠበቀ የነዳጅ ታንክ ክዳን እስከ ካንዴላ፣ ከኦክሲጅን መለኪያ እስከ ጭስ ማጣሪያው ሊሆን ይችላል። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ቤንዚንም ይህንን መብራት የማብራት ታሪክ አለው።

መብራቱ ሳያቋርጥ በርቶ መኪናው እንደ ወትሮው የሚሄድ ከሆነ አይደንግጡ፣ ግን አይርሱት። የሚያርገበግብ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲያርገበግብ አንዱ ሲሊንደር በትክክል እየተቀጣጠለ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማጣሪያው ገብቶ ያቃጥለዋል። መኪናውም ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ይቀንሱ፣ ነዳጅ በኃይል አይርገጡ፣ በቅርቡ ያቁሙት።

ጋራዥ ሲሄዱ መካኒኩ መመርመሪያውን ከመሪው በታች ባለው ቀዳዳ ሰክቶ "ኮምፒውተር" ያደርገዋል። እዚህ ላይ ገንዘብዎ የሚድንበት ወይም የሚፈስበት ነጥብ አለ። ኮዱን ያሳይዎት፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ከዚያ ነው ውይይቱ። ኮድ የሚናገረው የታየውን ምልክት እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። የኦክሲጅን መለኪያ ኮድ መጣ ማለት መለኪያው ሞተ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተቀደደ የአየር ቱቦም ያንኑ ኮድ ያመጣል። "ኮዱ ይህን ስላለ ይህ ዕቃ ይገዛ" የሚል ፈጣን መልስ ሲሰጥዎ "ገመዱንና ቱቦውን አይተውታል?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሌላው የሚያሳዝን ልማድ ኮዱን አጥፍቶ ደንበኛውን ማሰናበት ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ይመለሳል። በገበያ ሥራ ላይ እንዳለሁ ልናገር፤ ጠፍቶ የሚመለስ መብራት ለጋራዡ ጥሩ ደንበኛ ነው፣ ለእርስዎ ግን አይደለም።

ስለ ጋቢናው ልጅ

የኤርባግ መብራት፣ ማለትም ከፊቱ ኳስ የሚመስል ነገር ያለበት የተቀመጠ ሰው ምስል፣ መኪናው ላይ ምንም ለውጥ ስለማያመጣ ለዓመታት ይረሳል። ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው፤ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። በብዙ መኪኖች የደህንነት ቀበቶውን በግጭት ቅጽበት የሚወጥረው መሣሪያም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ክፍል ራስዎ አይነካኩ፤ ፈንጂ ነገር ስላለበት የሚያውቅ ባለሙያ ይንካው።

ኤርባጉ ደህና በሆነበት መኪና ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከዘመድ ቤት ሲመለሱ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ጋቢና ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። ኤርባግ የሚከፈተው ዓይን ከመርገብ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ለአዋቂ ደረት በተሠራ ኃይል ነው። በመካከል ያለው ልጅ ከሆነ የሚመታው እሱ ነው። እስከ 12 እና 13 ዓመት ያሉ ልጆች ቦታቸው ኋላ ወንበር፣ ከቀበቶ ጋር ነው። ቅር የሚለው ልጅ ይኖራል። ቅር ይበለው።

ኤቢኤስ የሚል ብርቱካናማ መብራት ብቻውን ከበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ ነገር ግን በክረምት ዝናብ በኃይል ሲረግጡ ጎማዎቹ ተቆልፈው ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ከበራ ግን እንደ ቀይ ይቁጠሩት። ከላይ የተከፈተ ድስት ውስጥ ቃለ አጋኖ የሚመስለው ደግሞ የጎማ አየር ነው። መብራቱ ብዙውን ጊዜ የሚበራው አየሩ ከሚመከረው ሩብ ያህል ከወረደ በኋላ ስለሆነ "ትንሽ ቢቀንስ ነው" አይባልም። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ ጎሚስታው በልማድ ከሚነፋው ይልቅ እሱን ይመኑ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። ናፍጣ የሚነዱ ደግሞ ማጣሪያው ውስጥ ውሃ መግባቱን የሚናገረውን መብራት ከቀይ እኩል ያክብሩት፤ ውሃ የናፍጣ ፓምፕና ኢንጀክተር ጠላት ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዙ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በየሰፈሩ የምናያቸው ቢዋይዲና አይዲ መኪኖች ጀበና የላቸውም፤ የሞተር ዘይት ስለሌላቸው። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ የሚመጣው በቻይንኛ ጽሑፍ ነው። በስልክዎ ላይ በካሜራ የሚተረጉም መተግበሪያ አስቀድመው ይጫኑ፤ መንገድ ዳር ቆመው ኢንተርኔት ሲጠፋ አይደለም የሚፈለገው።

ኤሊ የምትመስል ምልክት ካዩ መኪናው ኃይሉን ቀንሷል፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው ወይም ሙቀት በዝቶበታል። ቀይ የባትሪ ሥርዓት ማስጠንቀቂያ ከመጣ ይቁሙ፣ ሁሉም ሰው ይውረድ፣ ከመኪናው ይራቅ። ጭስ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ካለ ወደ 939 ይደውሉ፤ በራስዎ አያጥፉት። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ማንም የሰፈር ኤሌክትሪሺያን እንዳይነካቸው፤ በውስጣቸው የሚያልፈው ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ነው። ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት ደግሞ እነዚህ መኪኖችም ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ መያዛቸው ነው። እሷ ስትሞት ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሞልቶ እንኳ በሩ አልከፈትም ሊል ይችላል። መጎተት ካስፈለገ ጎማዎቹ ሁሉ ከመሬት ተነስተው በጭነት መኪና ላይ ነው። በገመድ መጎተት ሞተሩን ይጎዳል።

መንገድ ላይ ሲበራ

በለቡ በኩል በሚያልፈው የቀለበት መንገድ ላይ እየነዱ ቀይ መብራት ቢበራ ድንገት አይቁሙ። ሁለቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ወደ ቀኝ ይውጡ፣ ከተቻለ እስከ ቀጣዩ መውጫ ይድረሱ፤ ጀበናዋ ወይም ፍሬኑ ከሆነ ግን መውጫ አይጠበቅም። ተሳፋሪዎቹ በቀኝ በር ወርደው ከአጥሩ ማዶ ይቁሙ፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አደገኛ ነው። አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ከኋላ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ የበራውን መብራት ፎቶ አንስተው ለመካኒክዎ በቴሌግራም ይላኩለት። "አንድ ቢጫ ነገር በርቷል" ከሚል የስልክ ገለጻ አንድ ፎቶ ይሻላል።

መኪናውን የሚነዱት ከአንድ በላይ ከሆኑ፣ ማለትም ባልና ሚስት ወይም ሹፌር ካለ፣ የተለመደው ችግር ያየው ሰው አለመናገሩ ነው። "አንተ አይተኸዋል ብዬ" እና "አንቺ አስተካክለሽዋል ብዬ" መካከል ስንት ሞተር ሄዷል። ቀላሉ መላ ፎቶውን ቤተሰቡ ግሩፕ ላይ መጣል ነው፤ ቀኑ ራሱ ይመዘገባል።

ያገለገለ መኪና ሲገዙ

መጀመሪያ ላይ ልመለስበት ወዳልኩት ደረስኩ፤ ያልበራው መብራት። ደላላው ሞተሩን አሙቆ፣ መኪናውን አጥቦ ሲያቀርብልዎ ዳሽቦርዱ ንጹሕ ነው። ንጹሕ የሚሆንበት መንገድ ግን ብዙ ነው። አምፖሉ ሊነቀል ይችላል፣ ከውስጥ በጥቁር ቴፕ ሊሸፈን ይችላል፣ ኮዱ እዚያው ጠዋት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ "ቁልፉን ስጡኝ" ይበሉና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ራስዎ ያዙሩት። ሞተሩ ሳይነሳ ጀበናዋ፣ ባትሪው፣ ቼክ ኢንጅን፣ ኤቢኤስና ኤርባግ ሁሉም መብራት አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጨለማ ከሆነ ያ መኪና የሚደብቀው አለው። የኤርባጉ መብራት ደግሞ ከሌላው መብራት ጋር ተገናኝቶ አብሮ ብቻ እንዲጠፋ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው፣ በራሱ ሰዓት መጥፋቱን ይከታተሉ።

ከዚያ መመርመሪያ ያለው የራስዎን መካኒክ ይውሰዱ እንጂ ሻጩ የሚያውቀውን አይደለም። ኮድ ባይኖርም መመርመሪያው "የራስ ፍተሻው አልተጠናቀቀም" ካለ መዝገቡ በቅርብ ጊዜ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መኪናውን ለሁለትና ሦስት ቀን በተለያየ መንገድ እንዲነዳና እንደገና እንዲመረመር ይጠይቁ። ሻጩ "ዛሬ ሌላ ገዥ አለ" ሊልዎት ይችላል። ይኑር፤ ለሌላው ገዥ ይሽጥለት።